እርጥቡ አሸዋ

በድንኳኑ ደጃፍ ላይ የተነሰነሰውን አሸዋ ገሪማ ገና ከበረንዳው ሳይወርድ አወቀው። ግቢው ዝናብ ሲወርድበት ያደረ ነውና ለቀስተኛው እንዳይንሸራተት ተብሎ ከበሩ እስከ ድንኳኑ አፍ ድረስ ተበትኗል። ለሌላው ሰው አሸዋ አሸዋ ነው። ይሄኛው ግን ለዓመታት ጠዋትና ማታ ውሃ የጠጣ፣ ጠቁሮ ወደ አረንጓዴ የሄደ፣ ገሪማ ራሱ ከለገዳራ ወንዝ ዳር ዝቆ በማዳበሪያ ከረጢት ያመጣው አሸዋ ነው። አሁን በመኝታ ቤቱ ጥግ፣ በትልቁ ማሰሮ ውስጥ መሆን ነበረበት።

ሚስቱን እታገኝን የቀበራት ትናንት ነው።

«ይሄን አሸዋ ማን አመጣው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጎረቤቱ ቦንቱ መጥረጊያዋን አቆመች። ቦንቱ አማርኛ የተማረችው ዲላ ካገባች በኋላ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም እንደመጣላት ነው የምትጠራው። «ከውስጥ ነው ጋሼ። መኝታ ቤት ፍራሽ ስናነጥፍ ማሰሮው ቦታ ያዘች። ጭቃው ደግሞ ሰው ልትሰብር ሆነች።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«የእታገኝ መድኃኒት?» ቦንቱ አንገቷን ደፋች። «እሱንማ ሽንት ቤት ጨመርኩት። የሟች መድኃኒት ቤት አያድርም፤ ሌላ ሰው ይጠራል።»

ገሪማ አሸዋውን ትንሽ ቆም ብሎ አየው። ከዚያ «ደግ አደረግሽ» አላትና ወደ ፍራሹ ተመለሰ።

ማሰሮው ሁለት ነበር። በትልቁ ውስጥ ትንሹ ይቀመጣል፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ ይሞላል፣ በትንሹ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ይተኛሉ። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት እንዲህ አድርጉ ብላ እታገኝን ያስተማረቻት አንዲት ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ያ መድኃኒት የእታገኝ መሆኑን ያውቃል። ስኳር በሽታ ያለባት እታገኝ ናት፣ መርፌ የምትወጋው እታገኝ ናት። የታመመው ገሪማ መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዷ ከትናንት ጀምሮ አፈር ውስጥ ናት።

የመጨረሻዋን መርፌ የወጋችው ሰኞ ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበያ መሃል ራሷን ይዛ ተቀመጠች፣ ከተቀመጠችበትም አልተነሳችም። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል ብሎ ለገሪማ ነገረው። ገሪማም ለሰዉ ነገረ። ሰዉ ግን የሚሰማውን መርጦ ይሰማል፤ «ያው ስኳሩ ነው ያመጣው» አለ። የባሏን ስኳር በየጠዋቱ ስትለካ የኖረች ሴት የራሷን ግፊት አንድ ቀን ተለክታ እንደማታውቅ ማን ሊነግራቸው ይችላል?

ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ አፉ ደረቀ። ልጁን ኤልቤቴልን በእጁ ጠራትና ውሃ እንድታመጣለት ጠየቃት። ኤልቤቴል አዋሳ ባንክ ቤት የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ሰኞ ማታ ደርሳ ከዚያ ወዲህ አልተቀመጠችም። ውሃውን አመጣች። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰና ድገሚኝ አላት። ደገመችው። ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ባለፈ ቁጥር ካርታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ ሐዘን እንደዚህ አንጀት ያነድዳል አለ። ሌላው፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ተክለጻድቅ፣ ካርታውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ «አንተ የሰውን ሐዘን ተውና የያዝከውን ጣል፤ ልትሸነፍ ስትል ነው የምታዝነው» አለው።

ሻይ መጣ። በዚህ ሰፈር ለቅሶ ቤት ሻይ ያለ ስኳር ይፈላል፤ ስኳሩ በሳህን ለብቻው ይዞራል። ልማዱን ያመጣችው እታገኝ ናት። ስኳሩ እሷ ጋ ሲደርስ መዳፏን ብርጭቆዋ ላይ ዘርግታ «የኔን እለፊው» ትላለች። ገሪማም አብሯት ያለ ስኳር ስለሚጠጣ ሴቶቹ ለባሎቻቸው ምሳሌ አድርገው ይጠሩት ነበር፤ ለሚስቱ ብሎ ስኳር የተወ ሰው። ይህን ምስጋና ስድስት ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀብሏል።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሀዲጃ አጠገቡ በርከክ ብላ ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨመረችለት። አርባ ቀን እህል ያልቀመሰ ይመስል ጉንጩ ገብቷል። «ጠጣ ጋሼ፣ ጉልበት ይሆንሃል» አለችው። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከእንግዲህ ለማን ብለህ ትተወዋለህ?»

እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። ገሪማ ምክንያቱን አፉ ውስጥ አገላበጠውና ከሻይው ጋር ዋጠው።

*

ነገሩ የጀመረው ዱመርሶ ነው። ገሪማ ከይርጋጨፌ ወዲያ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ የማድረቂያ አልጋዎች ተቆጣጣሪ ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ በአልጋዎቹ መሃል ሲመላለስ ይውላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ያስሸፍናል፣ ሲለዝብ ያስገልጣል፣ ሴቶቹ ብልሹውን ፍሬ ሲለቅሙ ያያል። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ውሃ ጥም ያዘው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስማር የወጋው እግሩ በአንድ ወር አልድን አለ።

በዚያው ሰሞን ኡስማን የሚባል ጥበቃ ስኳር እንዳለበት ታወቀ። የማጠቢያው ባለቤት አቶ ሚሊዮን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሁለት ወር ደሞዝ ሰጥቶ ነው ያሰናበተው። «ራሱን ስቶ ገንዳ ውስጥ ቢወድቅብኝ ማን ይጠየቃል?» አለ። ሁሉም እውነቱን ነው አሉ። ገሪማም አብሮ ራሱን ነቀነቀ።

ማንም በማያውቀኝ ከተማ ልታከም ብሎ አዋሳ ሄደ። ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ወሰዱና ቁጥሩን ነገሩት። ዲላ ተመልሶ ለእታገኝ ሲነግራት ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቅጠሉን አላስቀመጠችም።

«ይሞታል?» አለች።

«ከተጠነቀቁ አይሞትም አሉ።»

«እንግዲያው እንጠነቀቃለን፣ ገሬ።»

ዲላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በየረቡዑ ለስኳር ሕሙማን ትምህርት ይሰጣል ሲባል ሰማች። እሱ አልሄድም አለ፣ እሷ ሄደች። ከሕሙማኑ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፣ ማታ እራት ላይ ትደግምለታለች። «ስኳር የሚያመጣው ስኳር መላስ ብቻ አይምሰልህ ትላለች ነርሷ። ሆድ ማስቀደም አለ፣ ተቀምጦ መዋል አለ፣ በዘር የሚወርድም አለ። ዘመድህ ካለበት ሳይብስ ቀድመህ ተመርመር ነው የምትለው።» የቆጮውን ቁራሽ በመዳፏ ትለካለች፤ ከመዳፏ ከበለጠ ትቆርሰዋለች፣ ጎድሎ በሚታየው ሳህን ላይ ጎመን ትከምራለች። ሲተኛ የእግር ጣቶቹን መሃል በባትሪ ታያለች። ክኒኑ አልበቃ ብሎ መርፌ ሲታዘዝለት፣ እጇ እስኪለምድ ድረስ ጓሮ ያለውን የእንሰት ግንድ ስትወጋ ሰነበተች።

አንድ ረቡዕ ሀዲጃ ነፍሰ ጡር እህቷን ይዛ ጤና ጣቢያው ስትሄድ እታገኝን አግዳሚው ላይ አየቻት። ማታውኑ እንባዋን እያበሰች፣ ብርቱካን ይዛ መጣች። እህቴ እታገኝ ስትታመም እንዴት አትነግረኝም ብላ ገሪማን ወቀሰችው። እታገኝ ብርቱካኑን ተቀብላ አቀፈቻትና፣ «ምን ልንገርሽ ሀዲጃ፣ በሽታ የሚወራ ነገር ነው?» አለቻት። ሐሰት አልተናገረችም። ዝም ብላ ተሸከመችው።

በሚቀጥለው ዓመት የቡናው ወቅት ሲደርስ ዱመርሶ አብራው ወረደች። ማሰሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠች፤ ምንድነው ሲሏት ለቅቤ ነው አለች። እሱ በሚቆጣጠራቸው አልጋዎች ላይ ለቃሚ ሆና ተቀጠረች። ረፋድ ላይ እቃ ቤት ሄዳ ትጠብቀዋለች፣ ልብሱን ከፍ ያደርጋል፣ ትወጋዋለች፣ ተመልሳ ቡናዋን ትለቅማለች። አቶ ሚሊዮን እያየ ይስቅ ነበር፤ «ይቺ ሴትዮ ባሏን ሰው ይወስድብኛል ብላ ነው» ይል ነበር። ለቃሚዎቹም ይቀልዱባት ነበር። እታገኝ አብራ ትስቃለች።

ጣፋጭ ግን ትወድ ነበር። ከበሽታው በፊት ሻይዋ አራት ማንኪያ ነበር። በኤልቤቴል ምረቃ ቀን ኬክ ሲቆረስ መዳፏን ሳህኗ ላይ ስትዘረጋ ገሪማ ከማዶ ሆኖ አይቷት ነበር፤ የዚያን ቀን ፊቷን ረስቶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ደግሞ ጓሮ ሲወጣ ከእንሰቱ ጀርባ ተቀምጣ ሸንኮራ ስትመጥ አገኛት። እንደ ልጅ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች።

«የሰው በሽታ ስሸከም እኔም ትንሽ ልስረቅ እንጂ» አለችው።

*

ያን ሸንኮራ ያየ ሌላ ሰው ነበረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኤልቤቴል ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ተሸክማ ከጓዳ ስትወጣ ሁለት ሴቶች መጋረጃው ጋ ተጠጋግተው ይንሾካሾካሉ። ገሪማ ከፍራሹ ላይ ሆኖ ይሰማቸዋል።

«ጓሮ ተደብቃ ሸንኮራ ስትመጥ በዚህ ዓይኔ አይቻታለሁ።»

«እያወቀች?»

«ሰው ፊት ብርጭቆ መሸፈን ማን ያቅተዋል? አፍ ነው እንጂ የሚገድለው።»

ኤልቤቴል ሰፌዱን እንደያዘች ቆመች። ሴቶቹ አዩዋት፣ አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ልጅቷ ንፍሮውን አዞረች፣ ሰፌዱን መለሰች፣ መጥታ ከአባቷ አጠገብ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እውነት ነው አባዬ? ትበላ ነበር?»

ገሪማ እጆቹን አየ። ዓይኑ ጭጋግ ለብሶበታል፤ ጣቶቹ ጠርዛቸው ይደበዝዛል። እታገኝ ነርሷ ያለችውን ስትደግምለት ይሰማ ነበር፤ መርፌውን ያቋረጠ ሰው በጥም ይጀምራል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ራሱን አያውቅም። «ሰው ብዙ ያወራል ልጄ» አለ።

«በየሳምንቱ ስደውል ‹እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ሂጂና ተመርመሪ፣ ለስላሳውን ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ› ትለኝ ነበር። እኔን እየመከረች...» እንባዋን በእጅጌዋ በቁጣ ጠረገችው። «ለእኔ ስትል እንኳ ሸንኮራ መተው አቃታት?»

ገሪማ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያች ቅጽበት በር ላይ አዲስ ለቀስተኛ ደረሰ፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፣ ኤልቤቴል ተነሳች።

ያን ቀን ከቤት ወጥቶ መድኃኒት ቤት መሄድ አስቦ ነበር። ግን ሠልስት ሳይወጣ ሚስቱን የቀበረ ሰው አስፋልት ላይ ሲታይ ምን ይባላል? ሰው ቢልክስ የማንን መድኃኒት ብሎ ይልካል? የሕክምና ካርዱ እታገኝ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በላዩ የተጻፈው ስም የእሱ ነው። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ግራና ቀኙ ሰው፣ ፊቱ ሰው ነው። እንደዚያን ቀን ግን ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ሳል ቢያስለው ለምን እንደሆነ የምታውቅ፣ ከዓይኑ ቀለም ቁጥሩን የምትገምት ሴት የለችም። ማንም ሰው እግሩን አላየም። ማንም ሰው የበላውን በመዳፉ አልለካለትም።

*

ሐሙስ፣ በሠልስቱ፣ አቶ ሚሊዮን ከዱመርሶ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጽናህ ጋሼ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ገሪማ ጠዋት ጓሮ ያስመለሰውን ማንም ሳያየው በአፈር ሸፍኖት ገብቷል። ጭንቅላቱ ከብዶታል፤ የሰዉ ድምፅ ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማው።

አቶ ሚሊዮን ስለ እታገኝ አወራ። እንደሷ ያለ ለቃሚ አላየሁም አለ፤ ጣቷ ብልሹውን ፍሬ ሳታየው ይለየው ነበር። ከዚያ ወቅቱ መድረሱን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሸት ቡና መቀበል እንደሚጀምሩ ተናገረ። «ቤት ተቀምጠህ አትብሰልሰል። ስትጽናና ና፤ አልጋዎቹ ያው ያንተ ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ገሪማ።

ኤልቤቴል ሻይ ይዛ መጣች። ትሪውን ዝቅ አድርጋ ብርጭቆዎቹን ሰጠች፣ ከዚያ የስኳሩን ሳህን አንስታ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምራ ታዞር ጀመር። ለሀዲጃ ሁለት፣ ለቦንቱ ሦስት። አቶ ሚሊዮን የራሱን ተቀብሎ እያማሰለ ራሱን ወዘወዘ።

«ስኳር ክፉ ነው» አለ በሐዘኔታ። «ድንኳን ውስጥ ሰማሁ፣ ሸንኮራ ትቀምስ ነበር አሉ። ምን ይደረጋል፣ ሁላችንም ደካሞች ነን። አፍን መግዛት ቀላል አይደለም።»

ከኤልቤቴል ማንኪያ ጥቂት ስኳር ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ዓይኗን አላነሳችም። ወደ አባቷ ዞራ ማንኪያውን ሞላችና ወደ ብርጭቆው ዘረጋች።

ገሪማ መዳፉን ብርጭቆው ላይ ዘረጋ።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ሀዲጃ አየችው። ያን እጅ ታውቀዋለች፤ የሌላ ሰው እጅ ነበር እንጂ።

«የኔን እለፊው» አለ ገሪማ።

«አባዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ትንሽ...»

«ስኳሩ የኔ ነው ልጄ። የእናትሽ አልነበረም።»

ከድንኳኑ የካርታ ወሬ ብቻ ይሰማል። ገሪማ መናገር ከጀመረ ወዲህ ማቆም ቢፈልግም የሚችል አልመሰለውም። ግን ብዙ የሚባል ነገር አልነበረውም። «ያ መርፌ የኔ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ለኔ ብላ ነው የምትማረው። ሰው ሲሳሳት አላረመችም፣ እኔ እንዳልታወቅ ብላ። እሷ ጤነኛ ነበረች። ሸንኮራውን ብትበላ መብቷ ነው፤ ያንንም ቢሆን ተደብቃ የበላችው ለኔ ስትል ነው።»

ትናንት መጋረጃው ጋ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። ቦንቱ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች። ማሰሮው ትዝ ብሏት ነው።

አቶ ሚሊዮን ማማሰሉን ትቷል። «ከታመምክ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ... ለምን አልነገርከኝም?»

«ኡስማንን አስታውሱት አቶ ሚሊዮን» አለ ገሪማ፣ ያለ ቁጣ። «እኔ አንድም ቀን ወድቄብዎት አላውቅም። እሷ ስለነበረች ነው። ከእንግዲህ የሚሆነውን አላውቅም።»

አቶ ሚሊዮን ወደ ብርጭቆው ውስጥ አቀረቀረ።

ኤልቤቴል አሁንም ሙሉውን ማንኪያ እንደያዘች ናት። አባቷን የምታየው ከሰኞ ወዲህ ገና አሁን ይመስል ፊቱን መረመረችው፤ የደረቀ ከንፈሩን፣ የገባ ጉንጩን፣ በአጠገቡ የተደረደሩትን ባዶ የውሃ ብርጭቆዎች።

«መርፌህን መቼ ነው የወሰድከው?»

«ሰኞ ጠዋት። እሷ ናት የወጋችኝ።»

«ካርዱ የት ነው?»

«ሳጥኗ ውስጥ። ከቀሚሶቿ ስር።»

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ከጓዳ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ስትወጣ ካርዱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በሌላ እጇ የእናቷን ነጠላ ጨብጣ ነበር። ሀዲጃ ባጃጅ ልጥራ ብላ ተከተለቻት፣ አቶ ሚሊዮን መኪናዬ በር ላይ ናት እያለ ተነሳ። ኤልቤቴል ማንንም አልጠበቀችም፤ ጫማ እንኳ ሳታደርግ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ወደ መድኃኒት ቤት እየሮጠች ወጣች።

ገሪማ ፍራሹ ላይ ቀረ። የሻይው እንፋሎት መዳፉን ያቃጥለዋል። የስኳሩ ሳህን ከፊት ለፊቱ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያዞረው ሰው የለም፣ ማንም ማንኪያ አልዘረጋበትም። እጁን ግን ከብርጭቆው ላይ አላነሳም።